ለድሀ ሁሉ የተከፈተች በረት፦ የወይዘሮ ወለተጻድቅ ገብረአምላክ የሕይወት ታሪክ (ከ1900 እስከ 1958 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ገብረአምላክ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረአምላክ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልማዜ ድንቁ በኅዳር ወር 1900 ዓ.ም. በሸዋ፣ በተጉለት ተወለዱ። እናታቸው “የጽዮን ማግስት የመጣች ልጅ” ይሏቸው ነበር እንጂ ቀኑ በወረቀት የሰፈረ አይደለም። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው ድጓ እንዲያስተምሩ ወደ አዲስ አበባ ተጠሩና ቤተሰቡ ተከትሎ መጥቶ በከተማዋ ምዕራብ ዳር፣ በኮልፌ ጎጆ ቀልሶ ተቀመጠ።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብዙም የተለመደ አልነበረም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ግን አባታቸው የሰፈሩን ልጆች ሲያስተምሩ ከግድግዳው ወዲያ ጥጥ እየፈተሉ ይሰሙ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ዳዊት ሲደግም ቢሰናከልበት፣ ከወዲያ ሆነው ቀሪውን ሞሉለት፤ ያውም በአባታቸው ድምፅ፣ ሳላቸው ሳይቀር። መሪጌታ ሊቆጡ ተነሥተው፣ ሳቅ አሸንፏቸው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በበሩ ገብተው እንዲማሩ ተፈቀደላቸው። አንዴ የሰሙትን መያዝ፣ የያዙትንም በተናጋሪው ድምፅ መልሶ ማሰማት ከፈጣሪ የተሰጣቸው ነበር። አባታቸው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ካረፉ በኋላ እናትና ልጅ ፈትል እየፈተሉ፣ ለሸማኔ እያስረከቡ ኖሩ።

በ1919 ዓ.ም. በከተማው ትምህርት ቤት መምህር ከነበሩት ከአቶ ወንድይፍራው ኃይሌ ጋር ጋብቻቸውን መሠረቱ። የበኩር ልጃቸው ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ ዐረፈ። በ1922 ዓ.ም. ልጃቸውን ወይዘሮ እሙን ወለዱ።

አቶ ወንድይፍራው ቴአትር ይጽፉ ነበር። በበዓል ጊዜ ተማሪዎቻቸውን አስጠንተው ለመኳንንቱና ለውጭ አገር እንግዶች ያሳያሉ። ወንበሩ በጥሪ የተያዘ ስለነበረ በ1924 ዓ.ም. በተደረገው ትርዒት ላይ ለደራሲው ሚስት እንኳ ቦታ አልተገኘም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከመስኮቱ ውጭ፣ የጌቶቻቸውን በቅሎ ይዘው ከቆሙት አሽከሮች ጋር ቆመው ተመለከቱ። ቁመቱ መስኮቱ ላይ የማይደርስ አንድ በቅሎ ጠባቂ፣ “እመቤቴ፣ እነዚያ ውስጥ ያሉት ምን እያደረጉ ነው?” ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም መንገር ጀመሩ። የንጉሡን በንጉሡ፣ የሌባውን በሌባው ድምፅ ሲሉት አሽከሮቹ ሁሉ ከበቧቸው፤ ሳቁ እየበረታ ሄዶ ወንበር ላይ የነበሩት እንግዶች ሳይቀሩ ዞረው ወደ መስኮቱ አዩ።

ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ አቶ ወንድይፍራው፣ “ዛሬስ ከእኔ ይልቅ ያንቺን ቴአትር የወደደው ሰው በለጠ” ቢሏቸው፣ “ያንተን ለማየት ወንበር ያስፈልጋላ!” ብለው መለሱላቸው። ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲህ ድሀ የሚገባበት የቴአትር ቤት ለማቋቋም ይመክሩ ነበር። ጦርነት ቀደማቸው።

ጠላት በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አቶ ወንድይፍራው ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ እየጻፉ ቤታቸውን ማስተዳደር ጀመሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጠዋት የጻፉትን አንድ ደብዳቤ ለማድረስ ወደ አራዳ ወጡ። አልተመለሱም። ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ሲነድ ጭሱ ከኮልፌ ይታይ ነበር። በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጃቸውን ለእናታቸው ትተው ሄዱ። የባለቤታቸውን ኮት ቀኝ ክርን ራሳቸው በጥቁር ክር ጥፈውት ነበርና፣ ፊቱ የማይለየውን ሬሳ ሁሉ ክርኑን እያዩ ፈለጉ። ሁለት ቀን እንዲህ ፈልገው፣ ሳያገኙ ተመለሱ። ቁርጡን ያላወቀ ልብ እንዴት እንደሚኖር ከዚያ ዕለት ጀምሮ ተማሩት። እናታቸው ወይዘሮ አልማዜም በዚያው ክረምት ዐረፉ።

በዚያ ዓመት ኮልፌ ውስጥ ያላዘነ ቤት አልነበረም፤ ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ግን ጥቂት ነበር። ድንኳን ጥሎ መቀመጥ፣ “ማን ሞተባችሁ? የት ሞተ?” የሚል ጥያቄ ያስከትል ነበርና ሰው ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። እንባው በዚያው በዐይኑ ደርቆ የሚቀር፣ አንደበቱም የተያዘ ብዙ ነበር። የአገሩ አዝማሪና ባሕታዊ ሳይቀር እየታደነ የሚገደልበት ጊዜ ነበርና ሰው ሰብስቦ መናገር ራስን ለገመድ ማቅረብ ነበር።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ያንን እያወቁ፣ በጥቅምት ወር 1930 ዓ.ም. ወደ ጎረቤታቸው ወደ አቶ ቦሩ ዘንድ ሄዱ። የአቶ ቦሩን ከብቶች የጣሊያን ወታደሮቹ፣ ሰላቶዎች፣ ለሥጋ ነድተውባቸው ሰፊው በረታቸው ባዶውን ቆሞ ነበር። ወይዘሮ ወለተጻድቅ በረቱን ለቴአትር እንዲያውሷቸው ለመኗቸው። አቶ ቦሩ ቴአትር ምን እንደሆነ አያውቁም ነበርና አስረዷቸው። “ሰው ይስቅበታል?” ሲሉ ጠየቁ። “ይስቅበታልም፣ ያለቅስበታልም” አሏቸው። “እንግዲያውስ ውሰጂው። ላሞቼ ከሄዱ ጀምሮ በዚያ በኩል ማለፍ አልቻልኩም፤ ትንፋሽ ይግባበት” አሉ።

ትርዒቱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ሆነ። ከሩቅ የሚያይ የደቦ ሥራ እንዲመስለው ሴቶች እንዝርታቸውን፣ ወንዶች ማጭዳቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። መግቢያው አንድ ጉማጅ እንጨት ወይም እፍኝ ባቄላ ነው፤ ይህም የሌለው እጁን አጣምሮ ይገባል። በእንጨቱ ባቄላው ተቀቅሎ፣ ትርዒቱ ሲያልቅ ያመጣውም ያላመጣውም እኩል ይበላል። ከሳምንት እስከ ሳምንት ያችን ንፍሮ ብቻ ጠብቀው የሚመጡ እንደነበሩ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ያውቁ ነበር። “ለሆዱም ይምጣ፣ ከመጣ ጆሮውን ጥሎ አይመጣም” ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከአቶ ወንድይፍራው ድርሰቶች አንዱ፣ ልጇ ገበያ ሄዶ የቀረባትን እናት የሚመለከት ነበር። የእናትየዋን ቦታ የያዙት የሰፈሩ ሸማኔ አቶ ፈጠነ ናቸው፤ በጊዜው ሴት መድረክ ላይ ስለማትወጣ የራሳቸውን ሸማ ተከናንበው ተጫወቱ። አማርኛ ለማይሰሙት የአቶ ቦሩ ባለቤት ወይዘሮ ጉዲቱ ከጎን ቆመው በኦሮምኛ ይናገሩላቸው ነበር። እናትየዋ ከደጅ ቆማ የልጇን ስም ስትጣራ፣ ከተመልካቹ መካከል አንዲት ሴት የራሷን ልጅ ስም ጠራች። ቀጥሎ ሌላዋ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ። በረቱ በሙሉ በስም ተሞላ። አቶ ፈጠነ ጨዋታውን አቁመው ቢቀመጡም የሚከለክል አልተገኘም፤ የለቅሶ ቤት ያጣ ሁሉ የዚያን ቀን አለቀሰ። ወይዘሮ ወለተጻድቅም የባለቤታቸውን ስም ጮክ ብለው የጠሩት ከስምንት ወር በኋላ ያን ዕለት ነበር።

በየሳምንቱ ሕዝብ በረከተ። የሚያስቀውም የሚያስለቅሰውም ተጨመረ። አቶ ፈጠነ በታመሙ ጊዜ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ራሳቸው ቢወጡ አንዳንዶች አጉረመረሙ፤ ሲናገሩ ከሰሙ በኋላ ግን ሌላ ሰው ይውጣ ያለ አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ቤተሰብ በቀብር ቀን አያነብም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ግን ባለፈው ጥቅምት ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውን የልጃቸውን ባል፣ ተክለሃይማኖትን አስጠርተው፣ “ስሞት ደጌን ብቻ ጽፈህ ብታስነብብ የተሰበሰበው ሰው ይታዘብሃል፤ እዚያው ቆመው ያዩ አሉ። የዚያን የጥር ወር የገበያ ሜዳ ነገር እንዳትዘል” ብለው አዘዙት። ሳይዘለል እነሆ።

በጥር ወር 1931 ዓ.ም. አንድ የጠላት አስተርጓሚ ተራ ተመልካች መስሎ በረቱ ውስጥ ገብቶ ተመለከተ። ሳቀ፤ ንፍሮም በላ። በማግስቱ የጣሊያን ፖሊሶቹ፣ ካራቢኔሪዎች፣ መጥተው አቶ ቦሩንና አቶ ፈጠነን አስረው ወሰዱ። ወይዘሮ ወለተጻድቅን አልነኳቸውም። አስተርጓሚው ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ “ሰው የሚሰበስብ አፍ አለሽ። አለቆቼ እሱን ይፈልጉታል” አላቸው። የሚፈልጉት ጨዋታ ይህ ነበር፦ አርበኛ ነኝ የሚል ሽፍታ የአንዲት ድሀ ሴት ላም ይሰርቃል፤ የጣሊያን ሹም ላሟን አስመልሶ ለሴትየዋ ይሰጣል።

“እምቢ ብልስ ጌታዬ?” አሉት።

“ሁለቱን ሰዎች አታገኚያቸውም።”

“እሺ ብልስ?”

“ሁለቱም ይፈታሉ። እስከ ቅዳሜ አስቢበት” ብሎ ሄደ።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ወደ ነፍስ አባታቸው ሮጡ። አባ ብዙ አሰቡና፣ “ልጄ፣ ከሠራሽው በኋላ ንስሐ ልሰጥሽ እችላለሁ፤ አስቀድሜ ፈቃድ ልሰጥሽ ግን አልችልም” አሏቸው። ወደ ወይዘሮ ጉዲቱ ሄዱ። ወይዘሮ ጉዲቱ ነገሩን ከሰሙ በኋላ መሬት መሬት እያዩ፣ “ሰው ይሰድበናል። ይስደበን። ስድብ ጎኔ አይተኛም፤ ቦሩን አምጪልኝ” አሉ። የአቶ ፈጠነን ሚስት ሲጠይቋቸው አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ ቃል አልወጣቸውም። ንቅነቃው እሺ ይሁን እምቢ፣ ወይዘሮ ወለተጻድቅ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለዩትም።

አብሯቸው የሚጫወት አልተገኘም። ቢገኝም አይጠይቁትም ነበር። ሽፍታውንም፣ ሴትየዋንም፣ ሹሙንም ብቻቸውን ለመሆን ወሰኑ። በልባቸው ግን አንድ ነገር ይዘው ነበር፤ አበላሽተው ሊጫወቱት። ድምፃቸውን ሊያፍኑት፣ ቃሉን ሊያንተባትቡት፣ ሰው ሰልችቶት እንዲበተን ሊያደርጉ።

ጥር 20 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ በገበያው ሜዳ ላይ ሰላቶዎች ከሳንቃ መድረክ ሠሩ። ገበያተኛው እየተነዳ መጣ። የዚያን ቀን መግቢያው ነጻ ነበር፤ የተከለከለው መውጫው ነው። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ወጡ። መጀመሪያ እንዳሰቡት አጉተመተሙ፤ ሰውም ፀጥ ብሎ ተመለከታቸው። አስተርጓሚው ከመድረኩ ሥር ሆኖ በዐይኑ አስጠነቀቃቸው። የእስረኞቹ ነገር ታወሳቸውና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሽፍታው ላሚቱን እየጎተተ፣ ላሚቱ አልሄድም እያለች፣ እሱ በገመድ እሷ በቀንድ ሲታገሉ አንድ ልጅ ሳቀ። ከልጁ ጎን አባቱ ሳቀ። ሳቁ ወደ መድረኩ ሲመጣ እጃቸውና እግራቸው ሳያዟቸው ታዘዙለት። የሽፍታውን አንካሳ አካሄድ፣ የላሚቱን እምቧታ ጨመሩ። ተርቦና ተሸማቆ የከረመው ሕዝብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ስለዚያች ሰዓት ሲናገሩ፣ “ላበላሸው ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። እግዜር የሰጠኝን ነገር እዚያ ሜዳ ላይ እምቢ እንዲል ለመንኩት፤ እምቢ አላለም” ይሉ ነበር።

በሕዝቡ መካከል ወይዘሮ ዋጋነሽ የሚባሉ የሰፈሩ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው በመናገሻ ጫካ ከአርበኞች ጋር ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸው እንደ ምሰሶ ቆመው፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ መድረኩ ቀረቡ። ሰላቶዎቹ ሊያመሰግኗቸው የመጡ መሰላቸውና አሳለፏቸው። ወይዘሮ ዋጋነሽም በወይዘሮ ወለተጻድቅ እግር ሥር ምራቃቸውን ተፍተው ሄዱ።

አቶ ቦሩ በሦስተኛው ቀን ተፈቱ። የግራ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም ነበር። አቶ ፈጠነን ግን ጨዋታው ከመደረጉ ከአራት ቀን በፊት ሰቅለዋቸው ነበር። አስተርጓሚው “ሁለቱም ይፈታሉ” ብሎ ቃል ከሰጠ በማግሥቱ ማለት ነው። የአቶ ፈጠነ ሚስት መርዶውን በሰሙ በሳምንቱ ባላቸው ይሸምኑበት የነበረውን ጉድጓድ ደፍነው ከኮልፌ ወጡ፤ ወዴት እንደሄዱ አልታወቀም።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ወደ ምንጭ ሲወርዱ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከአጠገባቸው የሚቆም ታጣ። የዘጠኝ ዓመቷ እሙ፣ “የባንዳዋ ልጅ” ስትባል እያለቀሰች ትመለሳለች። በዚያ ሰሞን ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከገደል አፋፍ ላይ ቆመው እንደነበር፣ የእሙን ድምፅ ሰምተው እንደተመለሱ፣ ያኔ ለወይዘሮ ጉዲቱ ብቻ ነግረዋቸው ነበር።

ነገር ግን እሑድ ሲደርስ በረቱን ጠርገው ከፈቱ። የመጣ የለም። አቶ ቦሩና ወይዘሮ ጉዲቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠውላቸው ዋሉ። በሁለተኛውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። ሰባት እሑድ ባዶ በረት ከፍተው ዘጉ። አቶ ቦሩ አንድ ቀን፣ “ምን ትጠብቂያለሽ?” ቢሏቸው፣ “ከቤት ብውልማ እውነትም ለእነሱ ብቻ የምጫወት ሆንኩ ማለት ነው” አሉ።

በስምንተኛው እሑድ አንዲት ሴት በትከሻቸው ጉማጅ ተሸክመው በበሩ ገቡ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ነበሩ። ጉማጁን ካስቀመጡ በኋላ ቆመው፣ “ልጄ ወደቀ የሚል ወሬ ከጫካ ደረሰኝ። ቤቴ ባለቅስ ይሰሙኛል። ያንን ገበያ ሄዶ የቀረውን ልጅ ተጫወቺልኝ” አሉ።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ለአንዲት ተመልካች ተጫወቱት። ስም የመጥራቱ ቦታ ሲደርስ ተራውን ለወይዘሮ ዋጋነሽ ለቀቁላቸው። ወይዘሮ ዋጋነሽ የልጃቸውን ስም እስኪደክማቸው ጠሩት። ሲበቃቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተነሡ፤ ከበሩም ሲደርሱ፣ “ይቅር ብላኛለች ብለሽ እንዳታወሪ። አላልኩም” ብለው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ ዐሥራ ሦስት ሰው መጣ። በረቱ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ሳይዘጋ ቆየ። የድሮውን ያህል ሰው ግን ሞልቶት አያውቅም።

ጠላት ከወጣ በኋላ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ለጠላት ሰብከዋል ተብለው በሰፈር ዳኛ ፊት ቀረቡ። አቶ ቦሩ ሊመሰክሩላቸው ተነሥተው ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው፣ “ተጫውቻለሁ። ሕዝቡም ስቋል። ሌላ ጥያቄ አለ?” አሉ። ዳኛው አሰናበቷቸው፤ ጥፋተኛም፣ ነጻም ሳይሏቸው። አቶ ቦሩ በ1934 ዓ.ም. ጊደሮች ገዝተው በረቱ ወደ ከብቶቹ ሲመለስ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ራሳቸው ሣር አነጠፉ። ከዚያ ወዲህ ተጫውተው አያውቁም። በከተማው ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ሲከፈቱ ልጃቸው ትኬት ገዝተው ሊወስዷቸው ለመኗቸው፤ “ወንበሩ ይለሰልስብኛል” ብለው ቀሩ። ፈትል እየፈተሉ እሙን አሳድገው፣ አስተምረው፣ በ1943 ዓ.ም. ዳሩ።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ካለፈው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ በጉሮሮ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። ሐኪም ቢታዩም፣ ጠበል ቢጠመቁም ሊድኑ አልቻሉም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ድምፃቸው ጨርሶ ጠፍቶ በእጃቸው ምልክት ብቻ ይግባቡ ነበር። ጥር 7 ቀን 1958 ዓ.ም. ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸውን ወይዘሮ እሙን፣ አማቻቸውን አቶ ተክለሃይማኖትን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንደ ወንድምና እኅት የኖሩላቸውን አቶ ቦሩንና ወይዘሮ ጉዲቱን ትተው ሄደዋል። የባለቤታቸው የአቶ ወንድይፍራው መቃብር እስከ ዛሬ አልታወቀምና ስማቸው ከእሳቸው ስም ጎን በመስቀሉ ላይ እንዲጻፍ ቤተሰቡ ወስኗል።

ትናንት ወይዘሮ ዋጋነሽ ሳይጠሩ መጥተው፣ ሴቶቹን ገለል አድርገው፣ የወይዘሮ ወለተጻድቅን ገላ በገዛ እጃቸው አጠቡ። ሲጨርሱ የሟቿን እግር ደግመው አጠቡት። ይቅር ብለው እንደሆነ ቤተሰቡ አልጠየቀም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ሌሊቱን ግን ከሬሳው አጠገብ አልተነሡም።

ሰው ተጨንቆ የሠራውን ከነጭንቀቱ የሚያውቅ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን። መቃብር ያላገኙትን ሁሉ በስማቸው ይሰብስባቸው። ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን። አሜን።